የቢት ጥቅል ታሪክ በሃርድዌር መግለጫ ቋንቋዎች

መግቢያ

መሐንዲሶች በኮምፒዩተሮች መካከል ስለሚተላለፍ መልእክት ሲነጋገሩ እያንዳንዱን የመልእክቱን ክፍል በስም ይጠሩታል። «የላኪው አድራሻ»፣ «የተቀባዩ አድራሻ»፣ «ርዝመቱ»፣ «ይዘቱ» ይላሉ። በሽቦው ውስጥ ግን ስም የሚባል ነገር የለም፤ አንድና ዜሮ ብቻ ተከታትለው ያልፋሉ። እያንዳንዱ አንድ ወይም ዜሮ ቢት ይባላል፤ ተከታትለው የሚያልፉትም በአንድነት የቢት ጅረት ይባላሉ። ስም ያላቸውን ክፍሎች የያዘውን ነገር፣ ማለት የፕሮግራም ሠሪዎች ኦብጀክት የሚሉትን፣ ስም ወደሌለው ጅረት መለወጥ መጠቅለል ነው፤ ከጅረቱም ውስጥ ያንኑ ኦብጀክት መልሶ ማውጣት መፍታት ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ጥቅሉን የሚፈታው ሰው ወይም መሣሪያ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እነዚህም የትኛው ክፍል እንደሚቀድም፣ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ቢት እንደሆነ፣ በክፍሉም ውስጥ ከፍተኛው ወይም ዝቅተኛው ቢት መጀመሪያ እንደሚመጣ ነው። ከሦስቱ አንዱም በጅረቱ ላይ ተጽፎ አይገኝም። ስለዚህ መጠቅለልና መፍታት ከሁሉ አስቀድሞ የስምምነት ጉዳይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያ ስምምነት በየዘመኑ የት ይቀመጥ እንደ ነበር ይመረምራል። ስምምነቱ በመጀመሪያ በመሐንዲሱ ራስ ውስጥ ነበር፤ ቀጥሎም በእጅ ወደሚጻፉ ፕሮግራሞች፣ በመጨረሻም ወደ ቋንቋው ውስጥ እየገባ ሄደ። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ዓይነት ስሕተት ጠፍቷል። ሆኖም አንድ ስሕተት እስከ ዛሬ ድረስ እንዳለ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ከቴሌግራፍ እስከ ባይት

ሐሳቡ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ በ1874 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ባገኘበት የቴሌግራፍ ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል አምስት እኩል ምልክቶች ሆኖ ይላክ ነበር። አምስት ምልክቶች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ዓይነት ሊሆኑ ሲችሉ፣ 32 ልዩ ልዩ ጥምረቶች ይሰጣሉ። ተቀባዩ መሣሪያ ከላኪው ጋራ እኩል ካልሄደና ምልክቱን ከየት መቁጠር እንዳለበት ካላወቀ፣ አንድ ምልክት ብቻ ዘግይቶ ቢጀምር፣ የሚያነበው ፊደል ሁሉ ሌላ ይሆናል።

ኮምፒዩተር ከተፈለሰፈ በኋላ በ1956 ዓ.ም. ቨርነር ቡክሆልትስ የተባለ የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ «ባይት» የሚለውን ቃል ፈጠረ። በ1964 ዓ.ም. የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ሲስተም 360 ደግሞ ባይት 8 ቢት መሆኑን በሰፊው አስለመደ። የባይት መጠን ግን ቢታወቅም የባይቶች ተራ አልታወቀም። ቁጥር ከአንድ ባይት በላይ ሲሆን ሲስተም 360 ከፍተኛውን ባይት በመጀመሪያው የማኅደረ ትውስታ አድራሻ ላይ ያስቀምጣል። በ1970 ዓ.ም. የወጣው ፒ.ዲ.ፒ. 11 ግን ዝቅተኛውን ባይት ያስቀድማል። ከዚህም የተነሣ ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት ከፒ.ዲ.ፒ. 11 ወደ ሌላ ዓይነት ኮምፒዩተር በተዛወረ ጊዜ ስሙ ራሱ ተዛብቶ ይነበብ እንደ ነበር በሞያው ዘንድ ይነገራል። «ዩ፣ ኤን፣ አይ፣ ኤክስ» የሚሉት አራት ፊደላት ሁለት ሁለት ሆነው ስለ ተቀመጡ «ኤን፣ ዩ፣ ኤክስ፣ አይ» ሆነው ወጡ። ይህ ዓይነት ችግር እስከ ዛሬ «ኑክሲ» በሚል ስም ይጠራል።

በ1980 ዓ.ም. ዳኒ ኮኸን የተባለ ሊቅ በዚህ ጠብ ላይ አንድ ታዋቂ ጽሑፍ አወጣ። ሁለቱንም ወገኖች በ1726 ዓ.ም. በታተመው በጆናታን ስዊፍት የጉሊቨር መጽሐፍ ውስጥ እንቁላል በየትኛው ጫፉ ይሰበር በማለት በሚዋጉት ሰዎች ስም ጠራቸው። የጽሑፉም ፍሬ ነገር ከሁለቱ ተራዎች አንዱን ከመምረጥ ይልቅ ሁሉም በአንዱ መስማማታቸው ይበልጣል የሚል ነው።

ጉዳዩ ከራሳችን ፊደል የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዓ.ም. በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ገብቷል። በዚያ መዝገብ «ለ» የተሰጠው ቁጥር፣ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ሲጻፍ፣ 1208 ነው። ይህ ቁጥር በሁለት ባይት ሲላክ 12 ቀድሞ 08 ይከተላል። ተቀባዩ ተራውን ገልብጦ ቢያነበው 0812 ይሆናል፤ ይህም ቁጥር የሳምራውያን ፊደል የተመዘገበበት ስፍራ ነው። ከቢቶቹ አንድም አልጠፋም፤ አንድም አልተበላሸም። የተዛባው ተራው ብቻ ሲሆን አማርኛው ሌላ ጽሕፈት ሆኗል።

2. በእጅ የመጠቅለል ዘመን

የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ ማለት የኤሌክትሮኒክ ሰርኪዩትን በሥዕል ፈንታ በጽሑፍ የሚገልጹበት ቋንቋ ነው። ጽሑፉ በሲሙሌተር ላይ ይፈተናል፤ ከዚያም ወደ እውነተኛ ቺፕ ይለወጣል። ከእነዚህ ቋንቋዎች ሁለቱ በተለይ ገነኑ። ቬሪሎግ የተባለው በ1984 ዓ.ም. ገደማ በጌትዌይ ዲዛይን ኦቶሜሽን ኩባንያ ውስጥ በፕራቡ ጎኤልና በፊል ሞርቢ ተዘጋጀ፤ በ1995 ዓ.ም. የአይ.ኢ.ኢ.ኢ. 1364 ደረጃ ሆነ። ቪ.ኤች.ዲ.ኤል. የተባለው ደግሞ በአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር ወጪ ተዘጋጅቶ በ1987 ዓ.ም. የአይ.ኢ.ኢ.ኢ. 1076 ደረጃ ሆነ።

በቬሪሎግ መጠቅለል የሚከናወነው በጥምዝ ቅንፍ ነው። በቅንፉ ውስጥ ክፍሎቹ በተራ ሲደረደሩ በግራ ያለው ከፍተኛውን ቦታ ይይዛል። ቅንፉ በእኩል ምልክት ግራ በኩል ሲቀመጥ ደግሞ ያው ጽሑፍ ይፈታል። ለምሳሌ በ1981 ዓ.ም. በጸናው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል የመጀመሪያዎቹ 32 ቢቶች በአራት ይከፈላሉ፤ 4 ቢት የእትም ቁጥር፣ 4 ቢት የራስጌው ርዝመት፣ 8 ቢት የአገልግሎት ዓይነት፣ 16 ቢት ጠቅላላ ርዝመት። እትሙ 4፣ የራስጌውም ርዝመት 5 ሲሆን የመጀመሪያው ባይት 0100 0101 ይሆናል ማለት ነው።

ቬሪሎግ ግን ስም ያላቸውን ክፍሎች በአንድነት የሚይዝ ዓይነት አልነበረውም። ስለዚህ መሐንዲሱ «የእትም ቁጥር» በማለት ፈንታ «ከ31 እስከ 28 ያሉት ቢቶች» ብሎ በየስፍራው ይጽፍ ነበር። አንድ ክፍል በአንድ ቢት እንዲሰፋ ቢወሰን ከእርሱ በታች ወይም በላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ይለወጣሉ፤ በአንዱ ፋይል ውስጥ ተለውጦ በሌላው ከተረሳ ደግሞ ቋንቋው ምንም አይናገርም። ርዝመታቸው የማይመጣጠን ነገሮች ሲገናኙ ቬሪሎግ ትርፉን ይቈርጣል፤ ጉድለቱንም ይሞላል እንጂ አይከስስም። ስምምነቱ በመሐንዲሱ ራስ ውስጥ ነበር ያልነው ስለዚህ ነው።

ቪ.ኤች.ዲ.ኤል. በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው። «ሬኮርድ» የተባለ፣ ስም ያላቸውን ክፍሎች የሚይዝ ዓይነት አለው፤ የርዝመት አለመመጣጠንንም እንደ ስሕተት ይቈጥራል። ነገር ግን ሬኮርዱን ወደ ቢት ድርድር የሚለውጥ ከቋንቋው ጋራ የመጣ መሣሪያ የለውም። እያንዳንዱ ሬኮርድ የሚጠቀልል አንድ ፈንክሽንና የሚፈታ ሌላ ፈንክሽን በሰው እጅ ይጻፍለታል። ስምምነቱ ከራስ ወደ ጽሑፍ ወረደ፤ ይሁን እንጂ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ነገር አንዱ ታርሞ ሁለተኛው ሳይታረም ሊቀር ይችላል።

3. የፈተና ቋንቋዎች

በ1990ዎቹ ዓመታት በአንድ ቺፕ ላይ የሚገኙት ትራንዚስተሮች በሚሊዮን ይቈጠሩ ጀመር። ቺፑን ከመንደፍ ይልቅ መፈተኑ ከባድ ሆነ። ቺፕ ከተሠራ በኋላ የሚገኝ ስሕተት እንደ ፕሮግራም ስሕተት በቀላሉ አይታረምም፤ ብዙ ጊዜ አዲስ ቺፕ ማሠራትን ይጠይቃል። ስለዚህ ፈታኞች በሺህ የሚቈጠሩ መልእክቶችን በዘፈቀደ የሚፈጥሩ ፕሮግራሞች መጻፍ ያዙ። መልእክቱ በፕሮግራሙ ውስጥ ኦብጀክት ነው፤ በቺፑ ፒን ላይ ግን ቢት መሆን አለበት። መጠቅለልና መፍታት የዕለት ተዕለት ሥራ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

እስራኤላዊው ዮአቭ ሆላንደር የፈጠረውና ቬሪሲቲ የተባለው ኩባንያው ለገበያ ያቀረበው «ኢ» የተባለ ቋንቋ በዚህ ላይ ትልቅ እርምጃ አደረገ። በዚያ ቋንቋ ወደ ሽቦው የሚሄደው ክፍል በስሙ ፊት የ% ምልክት ይደረግለታል፤ ምልክት የሌለው ክፍል ግን ለፈታኙ ብቻ የሚያገለግል ነው። ለምሳሌ «ይህ መልእክት ሆን ተብሎ የተበላሸ ነው» የሚለው ማስታወሻ ለፈታኙ ያስፈልገዋል፤ በሽቦው ላይ ግን መታየት የለበትም። ከኦብጀክቱ የትኛው ክፍል ለዓለም እንደሚላክ፣ የትኛውም በቤት እንደሚቀር በመግለጫው ላይ ራሱ ተጻፈ። ቋንቋው የሚጠቀልልና የሚፈታ ትእዛዝ አብሮት ነበረው፤ ተጠቃሚውም በመጀመሪያ የተገለጸው ክፍል በከፍተኛው ወይም በዝቅተኛው ጫፍ እንዲሆን ይመርጥ ነበር። «ኢ» በ2006 ዓ.ም. የአይ.ኢ.ኢ.ኢ. 1647 ደረጃ ሆኗል።

በዚያው ዘመን ቬራ የተባለ ሌላ የፈተና ቋንቋ ነበረ። ቬራን የያዘውን ኩባንያ በ1998 ዓ.ም. ሲኖፕሲስ ገዛው፤ ቋንቋውንም በ2002 ዓ.ም. አክሴሌራ ለተባለው የደረጃ ማኅበር ሰጠ። ቬራ የመጠቅለልና የመፍታት ተግባራት ነበሩት፤ ብዙው ሐሳቡም ወደሚከተለው ቋንቋ ተላለፈ።

4. ሲስተምቬሪሎግ

ሲስተምቬሪሎግ የቬሪሎግ ልጅ ነው ቢባል ይቻላል። የመጀመሪያው የአክሴሌራ እትም በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. የአይ.ኢ.ኢ.ኢ. 1800 ደረጃ ሆነ። ለጉዳያችን ሦስት ነገሮችን አምጥቷል።

የመጀመሪያው የታሸገ ስትራክቸር ነው። ክፍሎቹ ስም አላቸው፤ ግን ያለ ክፍተት ተያይዘው የተቀመጡ ስለሆኑ ሙሉው እንደ አንድ ቁጥር ሊነበብ ይችላል፤ መጀመሪያ የተገለጸውም ክፍል ከፍተኛውን ስፍራ ይይዛል። ይህን ዓይነት የተጠቀመ ሰው «ከ31 እስከ 28» እያለ መጻፍ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የጅረት ምልክት ነው። >> የሚለው ምልክት ክፍሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ እንዳሉ ያፈስሳቸዋል። << የሚለው ደግሞ ጅረቱን በተሰጠው መጠን ቈራርጦ የቁራጮቹን ተራ ይገለብጣል። መጠኑ 8 ቢሆን በአሥራ ስድስት ቤት 12 34 56 78 የነበረው 78 56 34 12 ይሆናል። መጠኑ ካልተሰጠ የሚገለበጠው እያንዳንዱ ቢት ነው፤ 0011 0101 የነበረው 1010 1100 ይሆናል። የሲስተም 360ና የፒ.ዲ.ፒ. 11 ጠብ በአንድ ምልክት ተጠቃለለ ማለት ነው።

ሦስተኛው የቢት ጅረት ልወጣ ነው፤ ይህም አንድን ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት ሲለውጥ የሁለቱ ርዝመት ትክክል እንዲሆን ያስገድዳል።

በዚህ ላይ በ2011 ዓ.ም. አክሴሌራ ያወጣው ዩ.ቪ.ኤም. የተባለ የፈተና ቤተ መጻሕፍት ተጨመረ። በእርሱም ፈታኙ ለእያንዳንዱ ክላስ የሚጠቀልልና የሚፈታ ተግባር ይጽፋል፤ ወይም ክፍሎቹን በመግለጫ ብቻ አስመዝግቦ ሥራውን ለቤተ መጻሕፍቱ ይተዋል።

5. ኮምፓይለሩ ራሱ ሲጽፈው

የመጨረሻው እርምጃ የሰውን እጅ ጨርሶ ማስወጣት ነው። የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር የነበሩት አርቪንድ በ2003 ዓ.ም. ባቋቋሙት ብሉስፔክ በተባለው ኩባንያ ቋንቋ፣ አንድ ዓይነት ሲገለጽ በመጨረሻው ላይ የቢት ውክልና እንዲወጣለት በአንድ ቃል ይታዘዛል፤ የሚጠቀልለውንና የሚፈታውን ፈንክሽን ኮምፓይለሩ ራሱ ይጽፋል። ከበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ2012 ዓ.ም. ለሞያው ጉባኤ የቀረበው ቺዝል የተባለው ቋንቋም የክፍሎችን ጥቅል ወደ ቁጥርና ከቁጥር መልሶ የሚለውጥ ትእዛዝ አለው።

እንግዲህ ሁለቱ ፈንክሽኖች ከአንድ መግለጫ ስለሚወለዱ እርስ በርሳቸው ሊጣሉ አይችሉም። የተጠቀለለው ሲፈታ የነበረው ተመልሶ ይመጣል። በቪ.ኤች.ዲ.ኤል. ዘመን የነበረው፣ አንዱ ታርሞ ሌላው የሚረሳበት ስሕተት በዚህ አበቃ።

6. ያልጠፋው ስሕተት

አንዳንዶች እዚህ ሲደርሱ ጉዳዩ ተፈጸመ ይላሉ። የእኛ አስተያየት ከዚህ ይለያል። «የተጠቀለለው ሲፈታ የነበረው ይመለሳል» የሚለው ሕግ አስፈላጊ ነው፤ በቂ ግን አይደለም። ሕጉ የሚመሰክረው ሁለቱ ፈንክሽኖች እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ነው እንጂ ከሽቦው ማዶ ካለው ከሌላው መሣሪያ ጋራ መስማማታቸውን አይደለም። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ከተሳሳቱ ስሕተቱ ራሱን በራሱ ይሰርዛል።

የኢተርኔትን ምሳሌ እንውሰድ። በኢተርኔት መልእክት 6 ባይት የተቀባዩ አድራሻ፣ 6 ባይት የላኪው አድራሻ፣ 2 ባይት ዓይነት፣ ከ46 እስከ 1500 ባይት ይዘት፣ 4 ባይት መፈተኛ ድምር አሉ። የዓይነቱ ክፍል ከፍተኛው ባይት ይቀድማል። በእያንዳንዱ ባይት ውስጥ ግን በመጀመሪያ የሚላከው ዝቅተኛው ቢት ነው። የመፈተኛው ድምር ደግሞ ከከፍተኛው ቢት ይጀምራል። በአንድ መልእክት ውስጥ ሦስት ዓይነት ልማድ አለ። አንድ ፈታኝ ሁሉንም በአንድ ምልክት ገልብጦ ቢጠቀልል፣ በዚያው ምልክት ቢፈታ፣ ፈተናው ሺህ ጊዜ ያልፋል፤ ቺፑ ግን ከሌላ ሰው ቺፕ ጋራ በተገናኘ ቀን አይግባባም።

ሌሎችም ወጥመዶች አሉ። 12 ቢት ወደ 16 ቢት ስፍራ ሲገባ በተራው የቬሪሎግ ቅንፍ የሚጨመሩት ዜሮዎች በግራ ናቸው፤ በጅረት ምልክት ሲሆን ግን በቀኝ ይጨመራሉ። ባዶ የሆነ የኦብጀክት ማመልከቻ በጅረት ውስጥ ሲገኝ ይዘለላል፤ ከእርሱ በኋላ ያሉትም ክፍሎች ሁሉ ከስፍራቸው ይነሣሉ። ዩ.ቪ.ኤም. ደግሞ ርዝመቱ የሚለዋወጥ ድርድር በሚፈታበት ጊዜ እንዲረዳው፣ ከተፈቀደለት፣ የድርድሩን ቁጥር በ32 ቢት አስቀድሞ ይጽፋል። 46 ባይት የነበረው ይዘት 50 ባይት ይሆናል ማለት ነው። ለራሱ ፈቺ ይህ መልካም ነው፤ በኢተርኔት ሽቦ ላይ ግን እነዚያ 4 ባይቶች በደንቡ ያልታወቁ ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ላኪውና ፈቺው አንድ ስለሆኑ ፈተናው በሰላም ያልፋል።

ከሳሽም ዳኛም አንድ ሰው በሆነበት ችሎት ፍርድ አይገኝም። አንድ ቁም ጸሐፊም ገልብጦ የጨረሰውን መጽሐፍ የሚያርመው ከተገለበጠበት መጽሐፍ ጋራ እያስተያየ ነው እንጂ የራሱን ጽሑፍ ከራሱ ጋራ እያስተያየ አይደለም። በዚህም ሥራ የሚያስፈልገው የውጭ ምስክር ነው። ከደረጃው መጽሐፍ ላይ አንድ መልእክት ቢት በቢት በእጅ ተጽፎ ወይም በእውነተኛ መሣሪያ ከሽቦ ላይ ተቀድቶ ይቀመጥ፤ የፕሮግራሙ ጥቅል ከዚያ ጋራ ይመዛዘን። ከላይ ያየነው 0100 0101 የተባለው ባይት እንኳ ብቻውን ትልቅ ምስክር ነው። አራትና አምስት ልዩ ስለሆኑ ተራው ቢገለበጥ ወዲያው ይታያል። ስለዚህም የሚመረጠው ምሳሌ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ሊሆን ይገባዋል፤ በዜሮ ብቻ የተሞላ መልእክት ቢገለበጥም ያው ነውና ምንም አይመሰክርም።

መደምደሚያ

ከቦዶ ቴሌግራፍ ጀምሮ እስከ ብሉስፔክ ኮምፓይለር ያለው ታሪክ ስምምነትን ከሰው ትዝታ ወደ ቋንቋ የማስገባት ታሪክ ነው። ቬሪሎግ ተራውን ለቁጥር ተወው፤ ቪ.ኤች.ዲ.ኤል. ለሁለት ፈንክሽኖች አስረከበው፤ «ኢ» ለሽቦ የሚሆነውን ከማይሆነው ለየ፤ ሲስተምቬሪሎግ መገልበጥን በምልክት አስቀመጠ፤ ብሉስፔክ ሁለቱን ፈንክሽኖች ከአንድ ምንጭ አወጣ። እነዚህ ሁሉ የቤት ውስጥ ስምምነትን አጽንተዋል።

ከውጭ ጋራ ያለው ስምምነት ግን በቋንቋ አይገኝም፤ የሚገኘው ደረጃውን በማንበብና ምስክር በማቆም ነው። በዚህ ትምህርት ላይ ያሉ ባልንጀሮቻችን አዲስ ቋንቋ ሲማሩ «የትኛውን ስሕተት ያስቀርልኛል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። «የትኛውን ስሕተት ይሸፍንብኛል?» የሚለውንም አብረው ቢጠይቁ መልካም ነው።